የታዘዘ እጅና ያዘዘ አፍ፦ የአሜሪጎ ዱሚኒ ሕይወትና ወንጀል

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ለዚህ እትም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ መሐንዲስ ስለ ታሪክ ምን ሊጽፍ ይችላል በማለት ማመንታቴ አልቀረም። ማመንታቴን የቆረጠልኝ በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ያሳለፍኩት አንድ ምሽት ነው። የመስክ ሥራችንን ጨርሰን፣ ከባልደረቦቼ ጋር ቡናማውን ውሃ ፊት ለፊት እያየን ስንጨዋወት፣ ወሬው ሲኒማ ወደሚያሳየን የኢጣልያ ተወላጆች ወደሆኑ የአሜሪካ ማፊያ ነፍሰ ገዳዮች ዞረ። አንዱ ባልደረባችን ካርማይን ጋላንቴ ስለተባለው ያነበበውን በሰፊው ተረከልን።

ጋላንቴ በ1910 በኒው ዮርክ ከሲሲሊ ከመጡ ወላጆች የተወለደ፣ በብዙ ግድያ የሚጠረጠር የማፊያ ሰው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጠ በቀር የዘመኑ አቆጣጠር እንደ አውሮጳውያን ነው።) ካርሎ ትሬስካ የተባለው ፀረ ፋሽስት ጋዜጠኛ በጃንዋሪ 11 ቀን 1943 በኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ በጥይት ሲገደል፣ ፖሊስ ጋላንቴን በጥርጣሬ ያዘው፤ ነገር ግን በዚያ ግድያ እርሱም ሆነ ሌላ ሰው ለፍርድ አልቀረበም። ትሬስካ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢጣልያውያን የጋብቻ ቀለበታቸውን ሳይቀር ለሙሶሊኒ ጦርነት በሚያዋጡበት ወቅት፣ በኢትዮጵያ ላይ የተከፈተውን ወረራ ከተቃወሙት ወገን የቆመ ሰው ነበር። ጋላንቴም በተራው በ1979 ብሩክሊን ውስጥ ምሳ በልቶ ሲጋራውን እንዳጨሰ በጥይት ተገደለ።

ከአጠገባችን ተቀምጠው በጸጥታ ያዳምጡ የነበሩ አንድ የአርሲ አዛውንት በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገቡ። «ልጆቼ፣ ስለ ገዳዩ ነገራችሁን፤ ደግ ነው። ለመሆኑ ያዘዘው ሰው ጉማ ከፈለ ወይ?» አሉን። ከመካከላችን መልስ የሰጠ አልነበረም።

የአዛውንቱ ጥያቄ ወደ ቤቴ ተከትሎኝ መጣ። መልሱን ስፈልግም ከጋላንቴ ይልቅ ለእኛ ታሪክ እጅግ የሚቀርብ ሌላ ነፍሰ ገዳይ አገኘሁ። እርሱም በአሜሪካ ተወልዶ በሮማ የገደለው፣ አዛዦቹ ግን ከዓመታት በኋላ እስከ እኛ ተራሮችና ሐይቆች ድረስ የመጡት አሜሪጎ ዱሚኒ ነው።

ከሴንት ሉዊስ እስከ ፊሬንዜ

አሜሪጎ ዱሚኒ በጃንዋሪ 3 ቀን 1894 በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከፊሬንዜ የተሰደደ ኢጣልያዊ፣ እናቱ ደግሞ እንግሊዛዊት ነበሩ። በወጣትነቱ ወደ አባቱ አገር ተመለሰና በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኢጣልያ ሠራዊት ውስጥ ተዋጋ። ጦርነቱ ሲያበቃ እንደ ብዙ መሰሎቹ ከመሣሪያ በቀር ሌላ ሙያ ያልለመደ ወጣት ሆኖ ቀረ። በዚያን ጊዜ በፊሬንዜ ይደራጅ የነበረው የፋሽስት ጓድ እንዲህ ያለውን ሰው ይፈልግ ነበር።

የእነዚህ ጓዶች ሥራ በካሚዮን ተጭኖ መውጣት፣ የሠራተኛ ማኅበራትን ጽሕፈት ቤቶች ማቃጠል፣ የገበሬ መሪዎችን መደብደብና መግደል ነበር። በ1921 ካራራ በተባለችው ከተማ ዱሚኒ አንዲት ወጣት ቀይ አበባ በደረቷ ላይ ስላደረገች ብቻ በጥፊ መታት፤ ከዚያ በተነሣው ጠብ ወንድሟና እናቷ በጥይት ተገደሉ። ዱሚኒ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲተዋወቅ ከስሙ ቀጥሎ የገደላቸውን ሰዎች ቁጥር ይጠራ ነበር ይባላል። ወሬው እውነት ይሁን ጉራ፣ ሰውዬው ግድያን የሚያፍርበት ሳይሆን የሚታወቅበት ሥራ እንዳደረገው ያመለክታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል። ዱሚኒ የማፊያ አባል አልነበረም። ሙሶሊኒም በሲሲሊ ማፊያን በብርቱ ያሳደደ መሪ ነው። ሆኖም የሁለቱ አሠራር እጅግ ይመሳሰላል። ያዘዘው ሰው ከወንጀሉ ቦታ ይርቃል፤ ገዳዩ ደመወዝና ጠበቃ ይዘጋጅለታል፤ በምላሹም ከእርሱ የሚፈለገው ዝምታ ነው።

የአንድ ግድያ በጀት

ሙሶሊኒ በ1922 የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ ተቃዋሚዎችን በስውር የሚመታ አነስተኛ ቡድን ተቋቋመ። ቡድኑ በሶቪየት ምሥጢራዊ ፖሊስ ስም «ቼካ» ተብሎ ይጠራ ነበር። ከበላዩ የነበሩት የሙሶሊኒ የጋዜጣ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ቼዛሬ ሮሲና የፓርቲው የገንዘብና የአስተዳደር ጸሐፊ ጆቫኒ ማሪኔሊ ናቸው። የአገሪቱ የፖሊስ ዋና አዛዥ ደግሞ ጄኔራል ኤሚሊዮ ዴ ቦኖ ነበር። ይህን የመጨረሻ ስም አንባብያን እንዲይዙልኝ እለምናለሁ።

በ1924 የጸደይ ወራት በኢጣልያ የምክር ቤት ምርጫ ተካሄደ። የሶሻሊስት አንድነት ፓርቲ ዋና ጸሐፊና የምክር ቤት አባል የነበረው ጃኮሞ ማቴዮቲ በሜይ 30 ቀን ተነሥቶ፣ ምርጫው በዱላና በማስፈራራት የተካሄደ መሆኑን በየአውራጃው ከተፈጸመው ድርጊት እየጠቀሰ አስረዳ። ፋሽስቶቹ እየጮኹ ቢያቋርጡትም እስከ መጨረሻው ተናገረ። ማቴዮቲ የመንግሥትን ሒሳብ መመርመር የሚወድ፣ በቁጥርና በሰነድ የሚናገር ሰው ነበር። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኢጣልያ ነዳጅ ዘይት ለመፈለግ ባገኘው ውል ውስጥ ጉቦ አለ የሚለውን ጉዳይም ይከታተል ነበር። ስለዚህ ከታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ለሞቱ ምክንያት የሆነው ንግግሩ ብቻ ሳይሆን ይህ የነዳጅ ውል ጭምር ነው የሚሉ አሉ።

ንግግሩን ካደረገ ከ11 ቀን በኋላ፣ በጁን 10 ቀን 1924 ከሰዓት በኋላ፣ ማቴዮቲ በቴቬሬ ወንዝ ዳር በእግሩ ወደ ምክር ቤቱ ሲሄድ፣ ዱሚኒና አራት ጓደኞቹ፣ ማለትም ቮልፒ፣ ቪዮላ፣ ማላክሪያና ፖቬሮሞ፣ ይዘው በአንድ ላንቺያ መኪና ውስጥ ጎትተው አስገቡት። እየታገለ ሳለ የምክር ቤት መታወቂያ ካርዱን በመስኮት ወረወረ፤ ካርዱም በኋላ ተገኘ። እርሱ ግን በመኪናው ውስጥ በስለት ተወግቶ ሞተ። አስከሬኑ ከሮማ ከሃያ ኪሎሜትር በላይ ርቆ በሚገኝ ጫካ የተገኘው በኦገስት 16 ቀን ነው።

በሙያችን አንድ ሥራ እንዴት እንደተከናወነ ለማወቅ ስንፈልግ፣ አስቀድመን የምናየው ማን በአካፋ እንደቆፈረ ሳይሆን በጀቱን ማን እንደፈቀደ ነው። የዚህ ግድያ ሰነድም እንደዚሁ ሊነበብ ይችላል። የሠፈሩ ሰዎች በማቴዮቲ ቤት አካባቢ ስትዞር የነበረችውን መኪና ተጠራጥረው ቁጥሯን ይዘው ነበር። ፖሊስ ቁጥሩን ሲከታተል መኪናዋን ያስገኘው የአንድ ፋሽስታዊ ጋዜጣ ዲሬክተር ፊሊፖ ፊሊፔሊ ሆኖ ተገኘ። ዱሚኒም በወረቀት የዚያው ጋዜጣ ሠራተኛ ነበር። ከጋዜጣው በስተጀርባ የፓርቲው ገንዘብ ያዥና የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ነበሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ዱሚኒ በሮማ የባቡር ጣቢያ ተያዘ። ሮሲም ብቻውን መሥዋዕት ሊሆን መሆኑን በተረዳ ጊዜ፣ ሁሉም ነገር በሙሶሊኒ ፈቃድ የተደረገ ነው የሚል ማስታወሻ ጻፈ፤ ይህም በዲሴምበር 1924 በጋዜጣ ወጣ።

አንድ አገር በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት መንገድ አለው። ወይ ስንጥቁን እስከ መሠረቱ ድረስ ቆፍሮ ያያል፣ ወይ ይለስነዋል። ንጉሥ ቪክቶር አማኑኤል ሦስተኛ ዝም አለ። የተቃዋሚ ወገን የምክር ቤት አባላት አዳራሹን ጥለው ወጡ፤ ከመውጣታቸው በቀር ግን ሌላ ኃይል አልነበራቸውም። ሙሶሊኒ በጃንዋሪ 3 ቀን 1925 በምክር ቤቱ ቆሞ፣ ለሆነው ሁሉ የፖለቲካውን፣ የግብረ ገቡንና የታሪኩን ኃላፊነት ራሱ እንደሚወስድ ተናገረ። «ኃላፊው እኔ ነኝ» ያለውን ሰው የከሰሰ አልተገኘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢጣልያ መንግሥት በይፋ አምባገነን ሆነ።

የኪየቲ ፍርድ

የገዳዮቹ ችሎት ከሮማ ርቆ ኪየቲ ወደተባለች ጸጥተኛ የአውራጃ ከተማ ተዛወረ። በማርች 1926 ለጥቂት ቀናት ብቻ ተሰማ። የዱሚኒ ጠበቃ ሆኖ የቆመው ሮቤርቶ ፋሪናቺ በዚያን ጊዜ የፋሽስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ነበር። የሟቹ ባለቤት ፍርዱ የይስሙላ መሆኑን አይታ ከከሳሽነት ራሷን አገለለች። ዱሚኒ፣ ቮልፒና ፖቬሮሞ «ሳያስቡት በመግደል» በሚል 5 ዓመት ከ11 ወር ከ20 ቀን ተፈረደባቸው፤ የቀሩት ሁለቱ በነጻ ተለቀቁ። ከቅጣቱ ላይ አራቱ ዓመት አስቀድሞ በወጣ ምሕረት ተነሣ፤ ቀሪውንም አብዛኛውን ጊዜ በእስር ሳሉ ጨርሰውት ስለነበር፣ ሁለት ወር ያህል ቆይተው ወጡ።

ይህን ሳነብ በሥራ ዓለም መጀመሪያዬ ያየሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በስምጥ ሸለቆ በአንዲት ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ያለ የድልድይ ግንብ ስንጥቅ አሳይቶ ነበር። ስንጥቁ የመሠረት መንሸራተት ምልክት መሆኑን ጠርጥረን ተቆፍሮ ይታይ ብንልም፣ የምረቃው ቀን ስለተቃረበ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ተቀባ። እኔም ወጣት ነበርኩና ፊርማዬን አኖርኩ። በሁለተኛው ክረምት ጎርፉ ድልድዩን ይዞት ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ነገር ግን ጎርፉን ጥፋተኛ ያደረገው ሪፖርት ሲነበብ፣ ልስኑን ያዘዘውንም ሆነ የፈረመውን የጠየቀ አልነበረም። የኪየቲ ፍርድ ልስን ነበር። ከሥሩ የተሸፈነው ስንጥቅ የት ደርሶ እንደተገለጠ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጡረተኛው ነፍሰ ገዳይ

ዱሚኒ ከእስር ሲወጣ ያላለቀ ሒሳብ ይዞ ወጣ። የሚያውቀውን ምሥጢር እያስፈራራ ገንዘብ ጠየቀ። ሙሶሊኒ አንድ ጊዜ ያስረዋል፣ አንድ ጊዜ ይከፍለዋል። በ1928 ወደ ኢጣልያ ሶማሌ ላኩት፤ በዚያም አላርፍ ስላለ መልሰው አስረው ወደ ደሴት አጋዙት። ዱሚኒ ግን የማፊያ ሰዎች የሚያውቁትን ዘዴ ያውቅ ነበር። ስለ ማቴዮቲ ግድያ የሚያውቀውን ጽፎ በ1933 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ለሚገኙ ጠበቆች ላከና፣ እኔ ብሞት ይፋ ይውጣ አለ። ከዚህ በኋላ መንግሥቱ አክብሮ ይዞት በሊቢያ ደርና በተባለ ቦታ ርስትና ገንዘብ ሰጠው። የሊቢያ አርበኛ ዖመር አል ሙክታር በተሰቀለ በሦስት ዓመቱ፣ የሮማው ነፍሰ ገዳይ በሊቢያ መሬት ላይ ባለርስት ሆኖ ተቀመጠ ማለት ነው።

በ1941 እንግሊዞች ደርናን ሲይዙ በስለላ ጠርጥረው በጥይት እንዲደበደብ አደረጉ። ዱሚኒ እንደጻፈው 17 ጥይት ቢመታውም ሳይሞት ተነሥቶ አመለጠ፤ በኋላ ላሳተመው የሕይወት ታሪኩም ርእስ ያደረገው ይህንኑ ቁጥር ነው። ፋሽዝም ከወደቀ በኋላ የኪየቲው ፍርድ ተሽሮ፣ በ1947 በሮማ ዳግመኛ ተከሶ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ቅጣቱ ወደ 30 ዓመት ዝቅ አለ፤ በ1953ም በምሕረት ተለቀቀ። በ1967 በገና ዕለት፣ በ73 ዓመቱ፣ በሮማ ሞተ። የገደለው ማቴዮቲ የሞተው በ39 ዓመቱ ነው።

ያዘዙት የት ደረሱ?

የታዘዘው እጅ ታሪክ ይህ ነው። አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ፤ አደራ ብዬ ያስያዝኳችሁንም ስም እናንሣ።

የፖሊስ አዛዡ ኤሚሊዮ ዴ ቦኖ ከግድያው በኋላ ከሥልጣኑ ተነሣ። አንድ የካቶሊክ ጋዜጣ አዘጋጅ በግድያው ተባባሪ ነው ሲል ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ከሰሰው። ምክር ቤቱ በ1925 በማስረጃ ጉድለት በነጻ አሰናበተው። ወዲያው በዚያው ዓመት የትሪፖሊ አገረ ገዥ ተደርጎ ተሾመ። በ1929 የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ሆነ። በ1935 መጀመሪያ የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ኮሚሽነር ተብሎ አስመራ ገባ፤ የምፅዋን ወደብ አስፋፋ፤ ወደ መረብ የሚወስዱትን መንገዶች አሠራ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን የወረረው ጦር አዛዥ ይኸው ኤሚሊዮ ዴ ቦኖ ነው።

ባልደረቦቼ ይህን እንደ አጋጣሚ እንዳይመለከቱት እጠይቃለሁ። ዴ ቦኖ ራሱ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የወረራው ዝግጅት ከወልወል ግጭት አስቀድሞ የተጀመረ መሆኑን ጽፏል። በ1924 አንድ የሕዝብ እንደራሴን በጠራራ ፀሐይ ገድሎ ያልተጠየቀ መንግሥት፣ በ1935 አንድ የመንግሥታት ማኅበር አባል አገርን በጠራራ ፀሐይ ወርሮ እንደማይጠየቅ ቢያምን ምን ያስደንቃል? በሮማ ምክር ቤት የተፈተነው ዝምታ በጄኔቭ ተደገመ። በቴቬሬ ዳር መርዙ ለአንድ ሰው ነበር፤ በተከዜና በአሸንጌ ግን ከአውሮፕላን ወረደ።

ጓዶቹም አብረው መጡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀናት የሆነው ነገር የፊሬንዜው አሠራር ነበር፤ ካሚዮን፣ ዱላ፣ ቤንዚንና አስቀድሞ የተሰጠ ምሕረት። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾችን ያሰማራው የፓርቲው የከተማ ጸሐፊ ጉዊዶ ኮርቴዜ ነው። የሟቾቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 አድርሶታል፤ በቅርብ ዘመን የተደረገ ጥናትም ወደ 19,000 ገምቶታል።

በዚያችው የካቲት 12 ቀን፣ ከላንጋኖ ማዶ በሚገኘው አገር ሌላ ደም ይፈስ ነበር። ከሲዳሞ እየተዋጉ ወደ ሰሜን የመጡት ራስ ደስታ ዳምጠው፣ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም በሐይቆቹ አካባቢ ተከበው፣ ጎጌቲ ላይ የመጨረሻውን ውጊያ አደረጉ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በውጊያው ወደቁ፤ ደጃዝማች በየነ ተይዘው ተገደሉ። ራስ ደስታ ከአምስት ቀን በኋላ ቡታጅራ አካባቢ ተማርከው በጥይት ተደበደቡ። በጦር ሜዳ የተማረከ የጦር አለቃ በጦር እስረኛነት መያዝ ሲገባው እንደ ሽፍታ ተቆጥሮ ተገደለ። ዛሬ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ የምንመላለስ መሐንዲሶች፣ ከባቱ አልፈን ወደ ምዕራብ ስንመለከት የምናየው ሰማያዊ ተራራ የዚያ ታሪክ ምስክር ነው።

ያልተከፈለ ጉማ

ታዲያ ያዘዙት ሰዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ? ዴ ቦኖና የፓርቲው ገንዘብ ያዥ ማሪኔሊ በጃንዋሪ 11 ቀን 1944 ቬሮና ላይ ጎን ለጎን ወንበር ላይ ታስረው ተረሸኑ። የተረሸኑት ግን በማቴዮቲ ደም አይደለም፤ በኢትዮጵያ ደምም አይደለም። በ1943 በፋሽስት ታላቁ ሸንጎ በሙሶሊኒ ላይ ድምፅ ስለሰጡ ነው። የማፊያ አለቃ የከዳውን ሰው እንደሚያስገድል ያለ ነገር ነበር። ግራዚያኒ በ1950 19 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ የተፈረደበትም ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነበር፤ ያንንም በጥቂት ወር ውስጥ ተለቀቀ። ኢትዮጵያ ባዶሊዮን፣ ግራዚያኒንና ኮርቴዜን ጨምሮ የአሥር ሰዎችን ጉዳይ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቅርባ ተቀባይነት አግኝታ ነበር። ከአሥሩ አንድም ሰው በኢትዮጵያ ላይ ስለፈጸመው ወንጀል በችሎት ፊት አልቆመም። በ2012 ጭራሹን ለግራዚያኒ አፊሌ በተባለችው ከተማ መታሰቢያ ቆመለት።

የአርሲ ኦሮሞ በጉማ ሥርዓት ነፍስ ያጠፋ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ እውነቱን ይናገራል። ካሣውም የእርሱ ዕዳ ብቻ ሳይሆን የጎሣው ነው። አስተውለን ከተመለከትነው ጥልቅ ሕግ ነው፤ እጁን ብቻ ሳይሆን እጁን ያሳደገውንና ያስታጠቀውን ወገን ይጠይቃል። ኪየቲ የጎደላት ይህ ነው። አምስት ሰው ከሰሰች፤ መኪናዋን ያስገኘውን፣ ደመወዙን የከፈለውንና ፈቃዱን የሰጠውን ግን ሳትጠይቅ ችሎቷን ዘጋች።

ይህን የምጽፈው በባዕድ ቤት ላይ ጣቴን ለመቀሰር አይደለም። በእኛም አገር የታዘዘው እጅ ሲቀጣ ያዘዘው አፍ ያመለጠበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ የቀይ ሽብር ችሎት፣ ዓመታት የፈጀና ዋናው ተከሳሽ በሌለበት የታየ ቢሆንም፣ በ2006 የበላይ አዛዦቹን በስማቸው ጠርቶ ጥፋተኛ ብሏል። ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን እስከ መሠረቱ ለመቆፈር የተደረገ ሙከራ ነበርና ዋጋውን ማሳነስ አይገባም።

ባለፈው የመስክ ሥራ ወደ ላንጋኖ በተመለስኩ ጊዜ አዛውንቱን ፈልጌ አገኘኋቸውና ከዱሚኒ እስከ ዴ ቦኖ ያለውን ታሪክ ባጭሩ ነገርኳቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አባባ፣ አልከፈለም» አልኳቸው።

ለጥቂት ጊዜ ውሃውን ተመለከቱ። «እንግዲያውስ ዕዳው አለ» አሉኝ፤ «ስሙን ጽፈህ አስቀምጠው።»

ይህ ጽሑፍ የእርሳቸው ትእዛዝ ነው።